አንቺ ሳትነሺ አልነሳም

ነሐሴ 9

ለሃያ አራት፤ ስምሽን ሳይሆን ጤናሽን ከምትጠይቅ ወዳጅሽ።

እንደምን ከረምሽ? ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፖስታው ላይ «መነጽር ቤት፣ ከኋላ ክፍል ሌንስ ለምትሞርደዋ፣ ለሃያ ሦስት» ብለሽ በመጻፍሽ አሠሪዬ ሲስቅ ዋለ። «እዚህ ቤት እስረኛ ቀጥሬያለሁ እንዴ?» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየማክሰኞው አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ አንቺ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄጂ ስም ሳንጠያየቅ መለያየታችንን ብነግረው ደግሞ ያበድን ይመስለዋል። እኔ ግን አሁንም ደግ አደረግን እላለሁ። ክሊኒኩ ራሱ ለሰው ገመና ተጨንቆ፣ ቁጥር የተጻፈባት ፕላስቲክ እያደለ በቁጥር ከጠራን፣ እኛን ምን አጣደፈን?

ለጠየቅሽኝ መልሱ አዎ ነው፤ አሁንም እሄዳለሁ። ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መስኮቱ ሥር ነኝ። ያንቺ ቦታ ላይ ቦርሳዬን አስቀምጣለሁ። ሰው ሲበዛ አነሳዋለሁ፣ ያን ያህል ክፉ አይደለሁም። ሐኪሙ ምን አለሽ ላልሽው አዲስ ነገር አላለኝም። እሱን ተይው።

ይልቅ ስለ አማትሽ እናውራ። በየእሑዱ እየደወለች «ምን አዲስ ነገር አለ?» የምትልሽ ክፋት ኖሯት አይመስለኝም። የእኔዋም፣ ነፍሷን ይማርና፣ እስክትሞት ድረስ «ዓይንሽን በዓይንሽ ያሳይሽ» ስትለኝ ኖራለች፤ እኔም «አሜን» ስል። ቀኑን ሙሉ ለሰው ዓይን መስተዋት ስሞርድ ለምውል ሴት ይህ ምርቃት ያስቃል። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ይተወኝ ነበር። ስልኩን ባልሽ ያንሳው፤ እናቱ ናት። ጥያቄው የሁለታችሁ ከሆነ መልሱን አንቺ ብቻሽን አትሸከሚም። እሱ ከሌለ ደግሞ «አዲስ መጋረጃ ሰቅለናል» በያት። አዲስ ቤት ገብታችኋልና ውሸት አይሆንም።

ስልክ ቁጥርሽን አለመላክሽ ጥሩ ነው። ድምፅ ብዙ ነገር ያወጣል፤ ለእኛ ወረቀት ይሻለናል።

ሃያ ሦስት


መስከረም 20

ለእትዬ ሃያ ሦስት፤

«እትዬ አትበዪኝ» ያልሽውን አልሰማሁም። በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጪኛለሽ። አንቱ ባለማለቴ አመስግኚ።

መልሴ ዘገየ፣ ይቅርታ። ሥራ ጀመርኩ። ፋብሪካው የሚሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። «እንዴት ትችይዋለሽ?» ትዪኝ ይሆናል። ከምታስቢው ይቀላል። እኔ መቁረጫ ክፍል ነኝ። ጨርቁ አርባ ጊዜ ተነባብሮ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይነጠፋል፤ የልኩን ካርቶን ከላይ አስቀምጬ በጠመኔ አሰምራለሁ፣ ከዚያ በመቁረጫው መኪና መስመሩን ተከትዬ እሄዳለሁ። የሚታየኝ ልጅ አይደለም። የሚታየኝ ቁጥር ስድስት፣ ቁጥር ስምንት፣ ቁጥር አሥር ነው። ሸሚዙ ልጅ መምሰል የሚጀምረው ቁልፍ የሚተክሉት ሴቶች ክፍል ሲደርስ ነው። እኔ እዚያ ክፍል አልገባም።

አዲሱ ክሊኒክ አልሸሹም ዞር አሉ ሆኖብኛል። አግዳሚው ያው፣ የግድግዳው አረንጓዴ ቀለም ያው። እዚህ ግን የሚጠሩት በስም ነው፤ በድምፅ ማጉያ፣ ከነአባት ስም። የመጀመሪያ ቀን ስሜ ሲጠራ የሌላ ሰው መስሎኝ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ከጎኔ «አንቺን ነው፣ ተነሺ» የሚለኝ ሰው የለም። ሁሉም አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቷል።

ጎረቤታችን ነገሩን ከየት እንደሰማች እንጃ፣ «ልጅ እንዲመጣ አልጋችሁን ወደ ምሥራቅ አዙሩት» አለችኝ። ባለቤቴ የመሬት ቀያሽ አይደል፣ መሣሪያውን አውጥቶ ምሥራቅን ለካና «ሦስት ዲግሪ ብቻ ነው የተሳሳትነው» አለ። ከመጣን ወዲህ ከልቤ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

ሦስተኛውን ሙከራ ኅዳር ላይ እንጀምራለን። ባለቤቴ «እርግጠኛ ነሽ?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። እንዴት አልልም? ሁለተኛው አልያዘም ባሉኝ ማግስት እዚያ አግዳሚ ላይ ስነፋረቅ የተባባልነውን ረሳሽው? «አንቺ ሳትነሺ አልነሳም» አልኩሽ። አንቺም «እኔም» አልሽኝ። አንቺ በአርባ አራት ዓመትሽ ማክሰኞ ማክሰኞ እየተቀመጥሽ እኔ በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ብነሳ ምን እባላለሁ?

የእዚህ ሐኪም የድሮ ካርዴን ይፈልጋል። ማንን ልጠይቅ?

ሃያ አራት


ጥቅምት 14

ለሃያ አራት፤

አልጋ የማዞሩን ነገር እኛም ሞክረነዋል። ባለቤቴ ቀለም ቀቢ ነው፤ የሰው ዕቃ ሲያነሳና ሲጥል ስለሚውል አላንገራገረም። በአራቱም አቅጣጫ አዞርነው። በአራተኛው አልጋው በሩን ዘጋና ሰውዬው ጠዋት ሥራ የሄደው በመስኮት ነው። ከዚያ ወዲህ መካሪ ሲመጣብኝ «መስኮታችን ጠባብ ነው» እላለሁ፤ ማንም አይገባውም፣ እኔ ይገባኛል።

ካርድሽን የምታስልኪው በካርድ ክፍሏ ሴትዮ ነው። ላስቲክ ክንዷ ላይ እንደ አምባር የምትደረድረዋ። ቁጥርሽንና አድራሻሽን ጻፊላት። ትዘገያለች እንጂ አትረሳም።

ውጤት የሚጠበቅባቸውን ሁለት ሳምንታት እኔ እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ልንገርሽ። የሕፃን ዕቃ የሚሸጥበት መንገድ ካለ ዞረሽ ሂጂ። ፈሪ ያሰኘኛል አትበዪ፤ ሰው የታመመ ጥርሱን በዚያ በኩል አያኝክበትም። ከባልሽ ሌላ ለአንድ ሰው ብቻ ንገሪ፤ ለአምስት ከነገርሽ አምስት ጊዜ መርዶ ትናገሪያለሽ። ለቅሶም ሰዓት ይፈልጋል። እኔ የማለቅሰው መሞረጃው መኪና ሲጮህ ነበር፤ ማንም አይሰማም፣ ዓይኔ ቢቀላ አቧራ ነው እላለሁ። ባልሽ ካለቀሰ ደግሞ አታባብዪው። አጠገቡ ተቀመጪ፣ ሲጨርስ ውሃ ስጪው። ይህን ለማወቅ አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ላንቺ በነፃ ይሁንልሽ።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት አዲስ ሴት መጣች፤ ቁጥሯ አርባ አንድ ነው። ፕላስቲኳን በእጇ ስታገላብጥ ቆይታ «ስንት ጊዜ ያስመጡናል?» አለችኝ። መሐረብ ሰጠኋት። ተራዬ ሲደርስም ለእሷ ለቀቅኩላት። እኔ አልቸኩልም።

ቃላችንን አልረሳሁም።

ሃያ ሦስት


ታኅሣሥ 2

እትዬ፤

አልሆነም። ሐሙስ ነገሩኝ። ስልኩ ላይ የነበረችው ሴት ጨዋ ናት፤ «አዝናለሁ» ብላ እኔ እስክዘጋ ጠበቀችኝ።

ባለቤቴ «ሥራ አትግቢ፣ እረፊ» ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም፤ ዓርብ ገባሁ። ካርቶኑን አስቀመጥኩ፣ አሰመርኩ፣ ቆረጥኩ። ከጨረስኩ በኋላ ሳየው ለስፌት የሚተወውን ጠርዝ አልተውኩም። አርባውንም። ቁጥር ስድስት ሆኖ የተቆረጠ ሲሰፋ ለስድስት ዓመቱ ልጅ ደረቱ ይጠበዋል፣ ለትንሹ ደግሞ እጅጌው ይረዝመዋል። ለማንም ልጅ የማይሆን አርባ ሸሚዝ። የክፍሉ ኃላፊ መጥቶ ጨርቁን አየ፣ እኔንም አየኝ፣ «ለመኪና መወልወያ ይሆናል» ብሎ ሄደ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው፤ እንዳልሽኝ፣ መቁረጫውን አስነስቼ።

ባለቤቴ «ይብቃን» አለኝ። ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል። «ያገባሁት አንቺን ነው፤ ሌላው ቢመጣ እሰየው፣ ካልመጣ ያው አንቺ አለሽ» አለ። እኔ ግን አራተኛውን መጋቢት ላይ እንጀምራለን አልኩት። «ለምን?» ሲለኝ ወሬ ቀየርኩ። ያንቺን ነገር መንገር አሳፈረኝ።

እውነቱን ላንቺ ልንገርሽ። ደክሞኛል፣ መተው እፈልጋለሁ። ግን አንቺ ስምንት ዓመት ተቀምጠሽ አንድ ቀን ደከመኝ ስትዪ ሰምቼሽ አላውቅም። ደክሞሽ ያውቃል? ደክሞሽ ከሆነ ንገሪኝ፤ እሰማሻለሁ።

ሃያ አራት


ጥር 6

ለሃያ አራት፤

አንድ ወር ዘገየሁ። ሰበብ አልደረድርም፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

አዝኛለሁ። ከዚህ የረዘመ ቃል የለኝም፤ የረዘሙትን ሰዎች ብለውልሻል። ባልሽ «ይብቃን» ማለቱን አትጥዪው። ጫማ እያሰሩ የሚነገር ነገር ብዙ ጊዜ ሲታሰብ የቆየ ነው። አርባው ሸሚዝ ደግሞ ይረሳል። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ የአንዱን ሰውዬ ግራና ቀኝ ሌንስ አቀያይሬ ሰጥቼ፣ ሰውዬው ሁለት ሳምንት ደረጃ ላይ በደረሰ ቁጥር ሲደናቀፍ ከርሟል። አሁን በመንገድ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፤ እግሩን እያየ ቢሆንም።

አርባ አንድ በርትታለች። ባለፈው ስለ እኅቷ ሠርግ አወራችልኝ። ከአንቺ ትፈጥናለች፣ ስሟን ልትነግረኝ ነበር፤ አፏን አስያዝኳት።

ስለ ድካም ለጠየቅሽኝ አንድ የምነግርሽ ነገር ነበር። ወረቀቱ እያለቀብኝ ነው፣ ለሌላ ጊዜ ይሁን። መርፌውን ከመጀመርሽ በፊት ግን ጻፊልኝ።

ሃያ ሦስት


የካቲት 25

ለሃያ ሦስት፤

ካርዴ መጣ። ብቻውን ግን አይደለም፤ ሁለት ካርድ በአንድ ላስቲክ ታስሮ ነው። ከላይ ሃያ ሦስት፣ ሥሩ ሃያ አራት። ሴትዮዋ ሁልጊዜ አብረን ስለምንመጣ አብራ ነበር የምታስቀምጠን፤ አብራ ላከችን።

ያንቺን መክፈት አልነበረብኝም። ከፈትኩት። ስምሽን አላነበብኩም፤ አውራ ጣቴን ስሙ ላይ አድርጌ ነው ገጹን የገለጥኩት። ገመናሽን አንብቤ ስምሽን መሸፈን ምን የሚሉት ጨዋነት እንደሆነ አላውቅም።

የመጨረሻው ገጽ «ሕክምናው ቆሟል፤ ታካሚዋ ተነግሯት ተስማምታለች፤ ካርዱ ይዘጋ» ይላል። ቀኑ ያለፈው ዓመት ጥር 5 ነው። እኛ ቃል የተገባባነው የካቲት 3 ነው። በጣቴ ቆጠርኩት፤ ሃያ ስምንት ቀን። «እኔም» ስትዪኝ የምትነሺበት ነገር አልነበረሽም። ከተነሳሽ ሃያ ስምንት ቀን ሆኖሽ ነበር።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ የእኔው መስከረምን ቀድሞ የካቲት ላይ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ምናምን ማክሰኞ ነው። ምን ልትሠሪ ነው የምትሄጂው? «ሐኪሙ አዲስ ነገር አላለኝም» ብለሽ ጻፍሽልኝ። እውነት ነው፣ ምን ሊልሽ? ኅዳር ላይ አሥር ቀን መርፌ ስወጋ በየቀኑ «እሷም ተቀምጣለች» እያልኩ ነው የተወጋሁት። ታኅሣሥ ላይ ደክሞሽ ያውቃል ብዬ ጠየቅኩሽ። «ወረቀቱ እያለቀብኝ ነው» አልሽ። ግማሹ ገጽ ባዶ ነበር፣ እትዬ።

መጋቢት 10 ቀጠሮ አለኝ። ይብቃን ያለ ባሌን አፉን ያዘጋሁት ለማን ብዬ ነው? ከዚያ ቀን በፊት መልስ እፈልጋለሁ።

ሃያ አራት


የካቲት 30

ለሃያ አራት፤

አንዱንም አላስተባብልም።

ጥር 5 ሐኪሙ ወንበሩን አስጠግቶ «ከዚህ በኋላ ብቀጥል አንቺን መጉዳት ነው» አለኝ። ተስማማሁ። ካርዱ ላይ ፈረምኩ። ቤቴ ሄጄ ለባለቤቴ ነገርኩት፣ እሱም ሥራ ሳይሄድ ዋለ። በሚቀጥለው ማክሰኞ እግሬ ራሱ ወሰደኝ። የካርድ ክፍሏ ሴትዮ «ካርድሽ ተዘግቷል» ልትለኝ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ አግዳሚው ላይ አንቺን አየች፣ ፕላስቲኬን ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችኝም። ተራዬ ሲጠራ ለሌላ እለቃለሁ። አንቺም እዚህ ሳለሽ ብዙ ጊዜ «ቅደሚኝ» ብዬሻለሁ፤ ደግነት መስሎሽ ነበር።

ያን የካቲት 3 ትከሻዬ ላይ ተደፍተሽ «አንቺ ሳትነሺ አልነሳም» ስትዪኝ፣ እኔ ተነስቻለሁ ማለት አቃተኝ። ይሉኝታ ነው ልበልሽ? ግማሹ እሱ ነው። ሌላውን ግማሽ ለባለቤቴም አልነገርኩትም። ከዚያ አግዳሚ ከተነሳሁ ልጅ የሌላት ሴት እሆናለሁ፤ እዚያ እስካለሁ ግን ገና ያልወለደች ሴት ነኝ። በአንቺ አሳብቤ ለራሴ ነው የተቀመጥኩት። በዚህ አፍራለሁ።

ከሁሉ የሚብስብኝ ግን ኅዳር ነው። እኔ አንቺን ብቻሽን ላለመተው፣ አንቺ እኔን ብቻዬን ላለመተው፣ ይሉኝታን መሐላችን አስቀምጠን ነበር። መርፌው ያረፈው ግን በአንቺ ገላ ላይ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

አሁን አንድ ነገር ስሚኝ፤ ከዚህ በፊት የመከርኩሽን ሁሉ ብትረሺ ይህን አትርሺ። እኔ ተነሳሁ ብለሽ አትነሺ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። አንቺ ሠላሳ ሁለት ዓመትሽ ነው፣ ያንቺ ሐኪም በቃሽ አላለሽም። መጋቢት 10 ስምሽ ሲጠራ እኔ በዓለም ላይ የሌለሁ ያህል አስቢና ራስሽን ጠይቂ። ትፈልጊዋለሽ? ከፈለግሽ ግቢና ጀምሪ፤ ደስ ብሎኝ ውጤቱን እጠብቃለሁ። ካልፈለግሽም ማንንም ማስፈቀድ የለብሽም፣ እኔንም ቢሆን።

ደክሞሽ ያውቃል ላልሽኝ፣ አዎ። በአራተኛው ዓመት ደክሞኝ ነበር። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።

ሃያ ሦስት


መጋቢት 14

ለእትዬ፤

መልስሽ መጋቢት 9 ከሰዓት በኋላ ደረሰኝ፤ ለጥቂት ነው። ከፋብሪካው ዘበኛ እጅ ነጥቄ አነበብኩት።

በማግስቱ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ሄድን። በማጉያው ስሜን ጠሩ፣ ከነአባቴ ስም። ያልሽኝን አደረግኩ፤ አንቺን ከአግዳሚው አነሳሁሽ፣ አማቴን አነሳኋት፣ ጎረቤቴን ከነአልጋዋ አነሳኋት። ባለቤቴን ማንሳት አቃተኝ፤ እጄን ይዞት ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ጠሩኝ። ከዚያ ምን እንደሆነ በዝርዝር አልጽፍልሽም። ሐኪሙ ሰላምታ ሰጥቶን «ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ በሩ አይዘጋም» አለን፤ እኛም በሩን ቀስ ብለን ዘግተን ወጣን።

ደስ ብሎሻል ወይ ብትዪኝ፣ የለም። ቀለለኝ። ቤት ገብተን አለቀሰ፤ አላባበልኩትም፣ ውሃ ሰጠሁት። እሑድ አማቴ ስትደውል ስልኩን እኔ አነሳሁ። «ምን አዲስ ነገር አለ?» አለች። «አቁመናል፣ እማማ» አልኳት። «ደክሞሽ ነበር፣ ልጄ?» አለችኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ መጋረጃ መጋረጃ ስላት የኖርኩት ይህን ለማትጠይቅ ሴት መስሎኝ ነበር።

ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ቁልፍ የሚተክሉት ሴቶች ክፍል ገባሁ። ያለቀላቸው ሸሚዞች ተሰቅለዋል። ቁጥር ስድስት እንዲህ ትንሽ መሆኑን አላውቅም ነበር። ቆሜ አየሁት፣ አንገቱ አካባቢ የተረፈ ክር ነበረው፣ በጠስኩትና ወጣሁ።

ተናድጄብሽ ነበር። ትንሽ አሁንም አለብኝ፤ ሲያልቅ እነግርሻለሁ። ካርድሽን በላስቲኩ አስሬ ልኬልሻለሁ፤ የእኔን ለይቼ አስቀርቼዋለሁ። የሚቀጥለው ማክሰኞስ? ትሄጃለሽ? እኔ ማክሰኞ ከሰዓት እረፍት ወስጃለሁ። ምን እንደማደርግበት ገና አላወቅኩም።

ሃያ አራት


መጋቢት 30

ለሃያ አራት፤

ካርዱ ደርሶኛል። ይዤው ሄድኩ፣ ማክሰኞ፣ በሰዓቴ። ሴትዮዋ ገና ሳታየኝ ፕላስቲኬን በመስኮቱ አሾለከችልኝ። መለስኩላት። «ምነው?» አለች። «ካርዴ ተዘግቷል» አልኳት። ክንዷ ላይ ያሉትን ላስቲኮች ስትቆጥር ቆየችና «እኔ ደግሞ አብራችሁ የምትሄዱ መስሎኝ አብሬ ላክኋችሁ» አለች። ቁጣ የጠበቀች ይመስለኛል። እጇን ያዝኩላት።

አርባ አንድ መስኮቱ ሥር፣ የእኔ ቦታ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ላንቺ በወቅቱ መንገር የነበረብኝን ያህል። ሰምታ ስታበቃ «እኔ ግን እቀጥላለሁ» አለች። «ቀጥዪ» አልኳት። «እርስዎስ ይመጣሉ?» አለች። አንዳንድ ማክሰኞ እመጣለሁ አልኳት፣ ያለ ቁጥር፣ እንደ ጠያቂ። ከዚያ ተነሳሁ። አለቀስኩ፣ ደረጃው ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መሞረጃ መኪና ሳይጮህ። ባለቤቴ በሩ ላይ ነበር። ሊቀበለኝ እንደሚመጣ አልነገረኝም። ቀለም የተረጨበት ልብሱን እንኳ አልቀየረም።

ማክሰኞሽን ምን ላድርገው ብለሻል። ከሚቀጥለው በኋላ ያለውን እኔ እፈልገዋለሁ። አውቶቡሱ ከዚህ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል፣ ስምንት ሰዓት እናንተ ዘንድ ይደርሳል አሉኝ። መነጽር አደርጋለሁ፣ ክፈፉ ጥቁር ነው፤ በአንድ ዓመት ፊቴን ከረሳሽው ማለቴ ነው። መቼም አውቶቡስ መናኸሪያ መሐል ቆመሽ «ሃያ ሦስት» ብለሽ አትጣሪም፤ ሰው ሁሉ የወንበር ቁጥሩን ያያል።

ስሜ ከዚህ ወረቀት ግርጌ ተጽፏል። ይህን ስታነቢ አውራ ጣትሽ እላዩ ላይ እንዳረፈ አውቃለሁ።

አንሺው።